«ዝቅተኛ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ

ለሥራ ኃላፊዎች፣ ለቡድን መሪዎችና ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንዲት ሠራተኛን ስለበደልኩ ነው። በክፋት አልነበረም። ቅጽ ስሞላ ነው የበደልኳት።

ቡድን መሪ በሆንኩበት በመጀመሪያው ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ደረሰ። ክፍላችን ማመልከቻ ተቀብሎ፣ አጣርቶ፣ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ነው። ስድስት ሠራተኞች ነበሩኝ። የእያንዳንዳቸው ቁጥር ፊቴ ተዘርግቷል። ስንት ፋይል ጨረሱ? ስንቱ በስህተት ተመለሰ? የአንዷ ቁጥር ከሁሉም ያንሳል። ስህተቷም ይበዛል። ብዙም ሳላስብ «ዝቅተኛ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። አስተያየት መስጫው ላይ ደግሞ «ትኩረት ይጎድላታል፤ ፍጥነቷን ማሻሻል ይኖርባታል» ብዬ ጻፍኩ። ጠርቼ አሳየኋት። አነበበችው። ምንም አላለችም። ፈርማ ወጣች።

ከሦስት ወር በኋላ የዓመት ፈቃድ ወጣች። ሰው ስላጠረን እኔው ተክቻት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ሳምንት ሠራሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ዞራ ከጀርባዬ ባለው መስኮት ገባችና ስክሪኑ ላይ አረፈች። ስክሪኑ ነጣ። 3ን ከ8 መለየት አቃተኝ። አጠገቤ የነበረውን ክላሰር አንስቼ በግራ እጄ እየከለልኩ በቀኝ እጄ ብቻ መተየብ ጀመርኩ። ያኔ ነው ክላሰሩን ልብ ያልኩት። ጠርዙ ተልጧል። ጀርባው ላይ አራት ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል። እሷም ከሰዓት ከሰዓት እንዲህ ስትሠራ ኖራለች።

ጠረጴዛዋ በሩ ሥር ነው። የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። «እገሌ አለ?» «ይሄ የት ነው የሚፈረመው?» «ኃላፊው ገብተዋል?» በሁለተኛው ቀን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ ማስመር ጀመርኩ። ለምሳ ሳንወጣ ወረቀቱ ሞላ። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ራሱን ይዘጋል። ቀና ብዬ አንዱን ባለጉዳይ አነጋግሬ ስመለስ፣ ግማሽ የሞላሁት ቅጽ የለም። እንደገና ከስም እጀምራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ያየሁት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌሎቹ ሠራተኞች ከባድ ማመልከቻ ሲገጥማቸው እሷ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። ሰነዱ የጎደለ፣ ስሙ በሁለት ዓይነት የተጻፈ፣ የቆየ መዝገብ ማገላበጥ የሚጠይቅ ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «እሷ ናታ የምታውቀው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በክፍሉ ውስጥ ሥራውን ጠንቅቃ የምታውቀው እሷ ነበረች። አንዱ ከባድ ፋይል የብዙ ቀላል ፋይሎችን ጊዜ ይበላል። በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ግን ከባዱም ቀላሉም እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ምርጧን ሠራተኛዬን «ዝቅተኛ» ብያት ነበር።

ስትመለስ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ግን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ከእርስዎ በፊት ለነበሩት ሁለት ጊዜ ነግሬ ነበር» አለችኝ። «‹ሌላው መች አማረረ?› አሉኝ። ተውኩት።»

ኃላፊዎች ሆይ፣ ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይዤው እቀመጥ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ የሰማኋቸው የሥራ ቦታ ታሪኮች ሁሉ ከዚህ አይርቁም። ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሰውየውን ነው። ወይ አይችልም፣ ወይ አይፈልግም እንላለን። ካልቻለ ሥልጠና እንልከዋለን። ካልፈለገ እንመክረዋለን፣ ቀጥሎ እንቆጣዋለን፣ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ እንጽፍበታለን። ሜልቪን ብሉምበርግ እና ቻርልስ ፕሪንግል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ነገር እንደጎደለ ጻፉ። የሥራ ውጤት የሚመጣው ከመቻል፣ ከመፈለግ እና ከምቹ ሁኔታ ነው አሉ። ምቹ ሁኔታ ማለት ሠራተኛው በራሱ ሊያዝበት የማይችል፣ ግን ሥራውን የሚወስን ነገር ሁሉ ነው። ዕቃው፣ ቦታው፣ ጊዜው፣ መረጃው፣ ደንቡ፣ አለቃው፣ ባልደረባው። ሦስቱ ነገሮች ደግሞ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። አንዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሌሎቹ መብዛት ብዙ አያድንም። ሠራተኛዬ ትችላለች፣ ትፈልጋለችም። ሦስተኛውን የነፈግናት እኛ ነን።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ሎውረንስ ፒተርስ እና ኤድዋርድ ኦኮነር ሠራተኛን እጅ እግሩን የሚያስሩትን ነገሮች ከፋፍለው አስቀምጠው ነበር። ለሥራው የሚያስፈልግ መረጃ አለመኖር፣ የመሣሪያ ችግር፣ የግብዓት እጥረት፣ የበጀት ማነስ፣ ከሌላ ክፍል መምጣት ያለበት እርዳታ መቅረት፣ በቂ ዝግጅት አለማግኘት፣ የጊዜ ማጠር፣ የማይመች የሥራ ቦታ። ይህን ዝርዝር ሳነብ ስለ አንድም ባሕርይ የሚናገር ነገር አላገኘሁበትም። የእኛን የምዘና ቅጽ ግን አውጥታችሁ እዩት። ተነሳሽነት፣ ትጋት፣ ሰዓት አክባሪነት፣ ተባባሪነት። ከላይ እስከ ታች የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ነው። ስለ ጠረጴዛው አንድ መስመር የለውም።

በጥራት ሥራ ስሙ የታወቀው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ከረጅም ልምዱ ተነስቶ፣ ከችግሮችና ከመሻሻል ዕድሎች 94 በመቶው ያህሉ የአሠራሩ እንደሆነ ገምቷል። ቁጥሩ ግምት ነው። እኔም አንድ በአንድ አልከራከርበትም። ነገር ግን አሠራሩን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ አስቡት። በሩ ሥር የተቀመጠችው ሠራተኛ አይደለችም።

ስለ ብርሃን፣ ስለ ሙቀትና ስለ ወንበር ብዙ አላወራም። ቀላሉ ክፍል እሱ ነው። የቢሮ ሥራ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲገጣጠሙ ሰው በደንብ የሚሠራው ከ21 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከዚያ እየሞቀ ሲሄድ ሥራው እየቀነሰ ይመጣል። ስክሪን መስኮቱ በጎኑ ሲሆን ብዙም አያንጸባርቅም። መጋረጃ ይሰቀላል፣ ጠረጴዛ ይዞራል፣ ያልቃል። ይህን ለማድረግ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

ድምፅና መቋረጥ ግን ትንሽ ቆም ሊያደርገን ይገባል። የሰውን ሐሳብ ይበልጥ የሚሰርቀው የማሽን ጩኸት አይደለም፤ ቃሉ የሚሰማ ወሬ ነው። ጆሮ ሳንፈልግ ይከተለዋል። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንዘልም ሐሳባችን ሙሉ በሙሉ አብሮን አይመጣም። ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ካላለቀው ሥራ ላይ የቀረ ትኩረት የሚቀጥለውን ሥራ እንደሚጎዳ አሳይታለች። ስለዚህ «አንድ ደቂቃ ብቻ ላስቸግርሽ» የምንለው ነገር ዋጋው አንድ ደቂቃ አይደለም። ግድግዳ አፍርሶ ሁሉንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጥም እንደሚታሰበው ሰውን አያቀራርብም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኢተን በርንስታይን እና የስቲቨን ተርባን ጥናት ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ ሁለት ኩባንያዎችን ለክቶ ነበር። ፊት ለፊት መነጋገር 70 በመቶ አካባቢ ቀነሰ፤ የኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት ጨመረ። ሰው መሸሸጊያ ሲያጣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ አንገቱን ይደፋል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። «ነግሬ ነበር፤ ተውኩት» ወዳለችው።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ታጠና ነበር። የተሻለ አመራርና ጥሩ ግንኙነት ያላቸው ቡድኖች ስህተታቸው ያንሳል ብላ ጠበቀች። የወጣው ቁጥር ግን ተቃራኒ ሆነ። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ላይ የተመዘገበው ስህተት በዛ። ጠጋ ብላ ስታይ ምስጢሩ ገባት። በጥሩዎቹ ክፍሎች ነርሶቹ ስህተትን አይደብቁም። ተነጋግረው ያርሙታል። በሌሎቹ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እዚህ ላይ ነው እኛ የምንስተው። «የእኔ ክፍል ቅሬታ የለበትም» ብለን እንመካለን። ቅሬታ የሌለበት ክፍል ምናልባት ሰላም ሊሆን ይችላል። ምናልባት ደግሞ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ተናግሮ የተወበት ክፍል ነው።

ቶዮታ በፋብሪካዎቹ መስመር ላይ አንድ ገመድ በመዘርጋቱ ይታወቃል፤ ኋላ ላይ በአንዳንዶቹ በአዝራር ተተክቷል። ጉድለት ያየ ሠራተኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ገመዱን ይስባል። የቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል። ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ገመዱን ያደንቃሉ። እኔን የገረመኝ የሚመጣው ሰው ነው። ሲሳብ ማንም የማይመጣበት ገመድ ቢኖር በሳምንቱ የሚስበው አይገኝም። የሐሳብ መስጫ ሳጥኖቻችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አነጋገራችንም ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ገና የተወለዱ ሕፃናትን የሚያክሙ 24 የሐኪሞችና የነርሶች ቡድኖችን ፈትኖ ነበር። ሁሉም በልምምድ ላይ አንድ ዓይነት የታመመ ሕፃን ሁኔታ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ ከእንግዳ ባለሙያ የሚያናንቅ ንግግር ሰሙ፤ ሌሎቹ አልሰሙም። የተናቁት ቡድኖች በሽታውን መለየትም ሕክምናውን መስጠትም ላይ ደከሙ። ስድብ አልነበረም። ማናናቅ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች እውቀታቸው በአንድ ንግግር አልጠፋም። ግን የሰው አእምሮ ንቀትን እያብሰለሰለ ሌላ ሥራ እኩል መሥራት አይችልም። ጠዋት በስብሰባ ላይ ሰው ፊት ያዋረድነው ሠራተኛ ከሰዓት ስህተት ቢሠራ፣ የስህተቱ ግማሽ የእኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደመወዝስ? ደመወዝ ያስፈልጋል፤ በቂ መሆን አለበት። ይህን አድበስብሶ ስለ «መንፈሳዊ እርካታ» የሚያወራ ኃላፊ አያሳምነኝም። ነገር ግን ከመጠኑ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አለ። ጄራልድ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ጥናት ስለ አንድ ኩባንያ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ በሁለት ፋብሪካዎች የሠራተኛው ክፍያ ለ10 ሳምንት በ15 በመቶ ተቀነሰ። በአንደኛው ፋብሪካ ኃላፊው ራሱ ቀርቦ ምክንያቱን በቁጥር አስረዳ፤ ማዘኑን ተናገረ፤ ጥያቄ መለሰ። በሁለተኛው በአጭሩ ተነግሮ አለቀ። የተቀነሰው ገንዘብ እኩል ነው። ሠራተኞች ከፋብሪካው የሚሰርቁት ግን በሁለተኛው በጣም በዛ። ሥራ የለቀቀውም እዚያ ይበልጥ ነበር። ሠራተኛ መጥፎ ዜና ይሸከማል። እንደ ሰው ሳይቆጠር ሲቀር ነው የሚሰበረው።

ሥራው ለማን እንደሚጠቅም ማየትም ከምናስበው በላይ ይሠራል። አዳም ግራንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ለዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞችን በዚያው ገንዘብ ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘ ተማሪ ጋር ለ5 ደቂቃ አገናኙ። ከአንድ ወር በኋላ ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጭማሪ አልተከፈላቸውም። የእኔ ሠራተኞች ግን የሚያስገቡት ቁጥር የማን ጉዳይ እንደሆነ፣ ያ ሰው ምን ያህል እንደጠበቀ፣ ሲሳካለት ምን እንዳለ አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ሥራ አልደርስ ሲል የምንሮጥለት የመጀመሪያው መፍትሔ ሰዓት መጨመር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ የጥይት ፋብሪካዎች የሠሩ ሴቶች መዝገብ ተጠብቆ ቆይቷል። ኢኮኖሚስቱ ጆን ፔንካቨል ያን መዝገብ እንደገና መርምሮ፣ በሳምንት 70 ሰዓት የሠሩት ያመረቱት 56 ሰዓት ከሠሩት ብዙም እንደማይለይ አገኘ። 14 ሰዓት እንዲያው ባከነ። ያውም መባከን ብቻ ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ግምት፣ ረጅም ሰዓት በመሥራት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች በስትሮክና በልብ ሕመም ሞተዋል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ ያህል ይጨምራል። ማታ መብራቱ ያልጠፋ ቢሮ ስናይ «ታታሪ ክፍል» ከማለታችን በፊት ቀን ቀን ሥራውን ምን እንደያዘው እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚያመሽ ሠራተኛ የሚያመሸው ቀን ያላሠሩትን ሥራ ለመጨረስ ነው።

እናንተ ሆናችሁ ስታነቡ «እና ሰነፍ የሚባል ሠራተኛ የለም ወይ?» ልትሉ ትችላላችሁ። አለ። አውቃለሁ። ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት ሥራ የሚሸሽ፣ ሸክሙን በባልደረባው ላይ የሚጥል ሰው አለ። ያን ሰው ዝም ማለትም ትጉሁን መበደል ነው። ነገር ግን ሰነፉን ከታሰረው የምንለይበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ማሰሪያውን ፈትቶ ማየት። ሳይፈቱ መፍረድ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀጣል፤ ሰነፉ ይለምደዋል፣ ጎበዙ ይለቃል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በምዘና ቅጻችሁ ላይ፣ ውጤት ከሚሞላበት ሳጥን በላይ፣ አንድ ረድፍ ጨምሩ። እንዲህ የሚል፦ «ይህ ሠራተኛ ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያገደው ነገር ምንድን ነው? ኃላፊው ምን አደረገ? መቼ?» ረድፉ ባዶ ከሆነ ውጤቱ አይሞላ። «ዝቅተኛ» ሊባል ለታሰበ ሠራተኛ ደግሞ ኃላፊው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ሥራ ይሥራ። ጎብኝቶ መሄድ አይደለም። መሥራት። ጠዋት ብቻም አይሁን፤ እኔ ጠዋት ብቻ ተቀምጬ ቢሆን ፀሐይዋን አላያትም ነበር። ሥራው የመስክ ከሆነ አብሮ ይውጣ፤ በማሽን ላይ ከሆነ አብሮ ይቁም፤ ከቤት የሚሠራ ከሆነ ግንኙነቱ ሲቆራረጥ አብሮ ይጠብቅ።

ለእኛ ክፍል ከባድ ነገር አልነበረም። ጠረጴዛዋን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞርን። በሩ ላይ ማን የት እንደሚገኝ የሚገልጽ ወረቀት ለጠፍን። ከባድ ፋይሎች በሥራ ሰዓታቸው ልክ እንዲቆጠሩ ሠንጠረዡን ቀየርኩ። ፕሮግራሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይዘጋ ለማስተካከል የኮምፒውተር ባለሙያው የፈጀበት ከሰዓት በኋላ አንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ወር ቁጥሯ እምብዛም አልተነሳም። በሦስተኛው ወር ስህተቷ ከክፍሉ ሁሉ ያነሰ ሆነ። ያን የመጀመሪያ ምዘና ግን ከማኅደሯ ማስወጣት አልተቻለም። ደንቡ አይፈቅድም ተባልኩ። ማብራሪያ ጽፌ ከጎኑ አያያዝኩት።

በቀጣዩ ዓመት ምዘና ሲመጣ ረድፏን በራሴ እጅ በእስክሪብቶ አስምሬ ጨመርኩ። ስለ አንድ አዲስ ወጣት ሠራተኛ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ማተሚያ ማሽኑ ሌላ ፎቅ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ወረቀት ወርዶ ይወጣል። አብሬው አንድ ቀን ውዬ አይቻለሁ። ማሽን እንዲቀርብ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ መልስ አልመጣም።» ከሥሩ ያለውን የውጤት ሳጥን ባዶ ትቼ ቅጹን ለበላይ ኃላፊዬ ላክሁት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የቡድን መሪ